ሰጋቱራ እና የጠዋት ፀሐይ

ለአንድ ጠረጴዛ ብዬ ወጥቼ ዳኛ ሆኜ የተቀመጥኩበትን ጠዋት ነው የማወጋችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለ ፀሐይ ያልተናገርኩት የለም። በየትኛው ወር አናታችን ላይ እንደምትቆም፣ ጥላችን መቼ እንደሚያጥርና መቼ እንደሚረዝም በቃሌ እወጣዋለሁ። በዚያ ጠዋት ግን አባትና ልጅ ስለዚችው ፀሐይ ሲከራከሩ ሰምቼ ማንኛቸው ልክ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አስተማሪ ግራ ሲገባው ደስ አይልም፤ ቢሆንም እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ጠረጴዛውን ያዘዝኩት ከቤቴ ጀርባ፣ መንገዱ ጥግ ላይ ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ነው። ለሥራቸው ሰው ሁሉ ይመሰክርላቸዋል፤ ለቀጠሯቸው ግን ምስክር የላቸውም። «ነገ ይደርሳል» ካሉ አንዳንዴ ሌላ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሌላ ወር ማለታቸው ነው። ስለዚህ ያን ቀን ሳይጠሩኝ፣ ለጠብ ተዘጋጅቼ ሄድኩ።

በሩ ላይ ስደርስ አንዲት ትንሽ ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ዐይኗን ጨፍናለች፤ እጅጌዋ እስከ ትከሻዋ ተጠቅልሏል። ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ሽፋሽፍቷ ሁሉ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ያለሁት አናጢ ቤት ነውና ሰጋቱራ የተነሰነሰባት መሰለኝ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ሰጋቱራ ለብሰሽ የሚያራግፍልሽ ጠፋ?» አልኩና ፀጉሯን ጠረግ ጠረግ አደረግሁላት።

አንድ ዐይኗን ገለጥ አድርጋ እየተጨናበሰች አየችኝ። «አይራገፍም» አለች በትሕትና። «የራሴ ነው።»

እጄ አየር ላይ ቀረ። ቆዳዋን ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ከተወለደች ጀምሮ ቀለም ያልተሰጣት ልጅ ናት፣ አልቢኖ የምንላት። ኀፍረቴን ለመሸፈን ስሟን ጠየቅኋት።

«አባቢ ሰጋቱራ ነው የሚለኝ።»

«እና እዚህ ፀሐይ ላይ ምን እየሠራሽ ነው፣ ሰጋቱራ?»

«እየጠቆርኩ ነው» አለች፤ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ኮስተር ብላ። «ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት መድረስ አለብኝ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። መልሼ ልጠይቃት ስል አናጢው መላጊያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«መምህርት! እግርዎ ርጥብ ነው! ልክ አሁን ነው የጨረስኩት። ይግቡ፣ ይግቡ።»

ለጠብ ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥ አድርጌ ገባሁ። ጠረጴዛው በእውነት ያምራል። መሳቢያውን ሳብ ባደርገው ያለ ምንም ድምፅ ተንሸራቶ ወጣ፤ መልሼ በጣቴ ነካ ባደርገው ራሱ ተዘጋ። አናጢዎች መሳቢያ እንዲንሸራተት ሳሙና ወይም ሻማ እንደሚያሹበት አውቃለሁ፤ ይኼ ግን ሳሙናም ሻማም አልሸተተኝም። አጎንብሼ ባሸተው የአበባ ሽታ አለው።

«ምን ቀብተውት ነው ጋሼ?»

«ምስጢር ነው» አሉና ጢማቸው ሥር ሳቁ። «ሳሙና ድሮ ቀረ። ይኼ ይለሰልሳል፣ አይጣበቅም፣ እንጨቱን አያቆሽሽም። የፈረንጅ ነገር ነው።»

ገና ምስጢሩን ሳይጨርሱ ከጓሮ በኩል አንዲት ወጣት ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጥላ ገባች። የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ለነርስነት እየተማረች ነው። ሰጋቱራ የወንድሟ ልጅ ናት። የልጅቷ እናትና አባት ጠዋት ለሥራ ሲወጡ ልጅቷ አያቷ ጋ ትውላለች።

«ደህና አደሩ፣ መምህርት» ብላ እጅ ነሳችኝና ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ ባለፈው ለሰጋቱራ ያመጣሁላትን ቱቦ አይተዋል? መደርደሪያው ላይ የለም።»

አናጢው ጣራ ጣራውን አዩ። እኔ መሳቢያውን አየሁ። ተማሪዋ ሁለታችንን አየችን፤ ከዚያ ቀረብ ብላ አሸተተች።

«አባባ! የልጅቷን የፀሐይ መከላከያ ለመሳቢያ ቀቡት?»

«ታዲያ ምን ላድርገው?» አሉ። «ልቀባት ነው? አንቺ ልጅ፣ ቱቦው ላይ ያለችውን ሴት አይተሻታል? ነጭ ናት። ማንጫ ነው ማለት ነው። ይቺ ልጅ ነጭ በመሆኗ አይደለም እንዴ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስርባት? ለነጭ ልጅ ሌላ ማንጫ ታመጪያለሽ? መጣሉ ሲያሳዝነኝ ለመሳቢያ አደረግሁት፤ ቢያንስ አልተጣለም።»

እውነቱን ልናገር፤ ያ ንግግር ለእኔ ልክ መሰለኝ። ሱቆች በማንጫ ቅባት ተጨናንቀዋል፤ ስንት ቆንጆ ፊት እንደተበላሸም አይቻለሁ።

«ማንጫ አይደለም፣ አባባ» አለች ተማሪዋ። «ቀለም አይጨምርም፣ ቀለም አይቀንስም። ቆዳን የሚያቃጥለውን ጨረር ብቻ ይመልሳል። የሴትዮዋን ሥዕል የለጠፈው ነጋዴው ነው።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር ይባላል። መምህርት፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይፍረዱን። እኔ እንጨት ላይ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ነጭ ጣውላ ሲመጣልኝ እዚያ በር ላይ ፀሐይ አስመታዋለሁ። ሲውል ሲያድር ቀለም ይይዛል፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ወርቅማ፣ በኋላ ዳማ ይሆናል። ማንም አልቀባውም፣ ፀሐይ ናት ያደረገችው። ይቺንም ልጅ ጠዋት ጠዋት፣ ለስላሳዋ ፀሐይ ላይ አስቀምጣታለሁ። ይኸው ሰሞኑን ጉንጯ መቅላት ጀምሯል። ቀለም እየያዘች ነው! ትምህርት ቤት ስትገባ እንደ ማንኛውም ልጅ ሆና ትገባለች፤ የሚስቅባት አይኖርም። ምኑ ላይ ነው ጥፋቴ?»

አሁን ልጅቷ ምን እየሠራች እንደነበር ገባኝ። ግን ምን ብዬ ልፍረድ? የጠዋት ፀሐይ ሕፃናትን ያጠነክራል ሲባል ነው ያደግነው።

«እንግዲህ... የጠዋት ፀሐይ ለአጥንት ጥሩ ነው ይባላል» አልኩ፣ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ።

«በይ ሰማሽ!» አሉ አናጢው።

«ልክ ነው፣ መምህርት» አለች ተማሪዋ ሳትቆጣ። «ለአጥንት የሚበቃት ግን ትንሽ ብርሃን ናት፤ ጓሮ ወጥታ ስትመለስ የምታገኘው። ቢጎድላት እንኳ ሐኪም ለክቶ ይሰጣታል። ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ እስኪቀላ ድረስ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የቀላው ቀለም ይዞ አይደለም፣ ተቃጥሎ ነው።»

«እንጨቱስ?» አልኩ እኔ። አሁን ደግሞ ከሽማግሌው ጎን ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«እንጨቱ ውስጥ የሚጠቁር ነገር አለ፤ ፀሐይ ያለውን ነው የምታወጣው። የእኛም ቆዳ እንደዚያው ነው። የሰጋቱራ ቆዳ ግን ያን ቀለም አይሠራም። የሌለውን ፀሐይ ከየት ታመጣዋለች? ዓመት ሙሉ ብትቀመጥ መቁሰል እንጂ መጥቆር የለም።»

አናጢው ጢማቸውን አሹ። «ቆይ፣ ቆይ። ጥቁሩ እንጨት ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲከርም ይነጣል። ነጩ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ ይነጣል። ታዲያ ይቺ ፀሐይ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

እኔም ብሆን የሰማዩን ፀሐይ አውቃታለሁ እንጂ ሐሳቧን አልጠየቅኋትም። ጭንቅላቴ እንደ ሱቃቸው ወለል በፍቅፋቂ ተሞላ።

«እሺ፣ አንቺስ?» አሉ ልጃቸውን፣ አዲስ መውጫ እንዳገኘ ሰው። «አንቺ እንደኔ ጥቁር ነሽ። ጠዋት ጠዋት ስትቀቢ አይቼሻለሁ። የአንቺንስ ምን ልበለው?»

«የእኛ ቀለም ጥላ ነው፣ አባባ፤ ግን እንደ ዛፍ ጥላ ነው፣ በቅጠሉ መሐል ጨረር ያልፋል። ቶሎ አንቃጠልም፤ ማድያትና ቶሎ መሸብሸብ ግን እኛንም ያገኘናል። ለዚህ ነው ቀን ቀን ፊቴንና አንገቴን የምቀባው። እኔ ብተወው ፊቴ ነው የሚጎዳው። እሷ ብትተወው ግን ሕይወቷ ነው።»

ሳላስበው እጄ ወደ ጉንጬ ሄደ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ከተማሪ ፊት ስቆም ፀሐይ በዚያ በኩል ነው የምታገኘኝ፤ ማድያቱም የወጣው በዚያው በኩል ነው።

«ሕይወቷ?» አሉ አናጢው። «አሁንስ አበዛሽው።»

ተማሪዋ ጋዋኗን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ልጅቷ ውጭ ስላለች ነው።

«ልምምድ የምሠራበት ሆስፒታል፣ ቆዳ ክፍል አንድ ወጣት ተኝቷል። ፀጉሩ የሰጋቱራ ፀጉር ነው። መንገድ ዳር ጫማ እየሸጠ ነው ያደገው። ጆሮው ላይ ትንሽ ቁስል ወጣችበት፤ ‹ይደርቃል› ብለው ተዉት። አልደረቀም፤ ካንሰር ሆነ። አሁን ያ ጆሮ የለም። ፋሻውን የምቀይርለት እኔ ነኝ። ፋሻውን በፈታሁ ቁጥር ግን የሚታየኝ እሱ አይደለም።» ወደ በሩ ተመለከተች። ዐይኗ እንባ ሞልቷል።

ሽማግሌው መላጊያቸውን አስቀመጡ። «ይኼን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳላስደነግጥዎት ብዬ። ለምን እንደሆነ ሳላስረዳ ቱቦውን ብቻ ሰጥቼዎት ወጣሁ። የተጻፈበት በባዕድ ቋንቋ ነው፣ ሥዕሉ የነጭ ሴት ነው። ለመሳቢያ ቢያደርጉት አይፈረድብዎትም።»

ብዙ የተማሩ ሰዎች መድኃኒቱን ይሰጡና ምክንያቱን ኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሕዝቡ አልገባው አለ ብለው ያማርራሉ። ተማሪዋ ይህን በራሷ አፍ በመናገሯ ከብዙ የማውቃቸው ሰዎች በለጠችብኝ።

አናጢው ግን ገና አልተረቱም። የሰው ልብ ተስፋውን በቀላሉ አይለቅም፤ የእሳቸው ተስፋ ደግሞ የልጅቷ መጥቆር ነበር።

ተማሪዋ ግድግዳው ላይ ወደተደገፈ አሮጌ በር ጠቆመች። አንደኛው ፊቱ ተሰነጣጥቋል፣ እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈልጧል። ሌላኛው ፊቱ ደህና ነው።

«አባባ፣ ያ በር እርስዎ የሠሩት አይደለም?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አሉ ቱግ ብለው። «ግን እንዲህ ያደረግሁት እኔ አይደለሁም! ባለቤቱ ቸኮለ። ‹ቫርኒሽ ሳይቀባ አይሄድም› ብዬ ለምኜዋለሁ፤ ‹እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ምን ይሆናል› ብሎ ወሰደው። የቤቱ ፊት ደግሞ ፀሐይ ነው። ይኸው ጠግኑልኝ ብሎ አመጣው። ምኑን ልጠግነው?»

«ታዲያ ጥፋቱ የፀሐይ ነው?»

«ፀሐይ ሥራዋን ሠራች፣ ፀሐይ ምን ታድርግ! ሳይቀባ ፀሐይ ላይ ያቆመው ባለቤቱ ነው እንጂ...»

የተሰነጠቀውን በር አዩ፤ ቀጥሎ ደጃፉ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አዩ። መምህርት ይፍረዱን ብለውኝ ነበር፤ ፍርዱን ራሳቸው ፈርደው ጨረሱት።

«እንጨት አይናገርም» አሉ ቀስ ብለው፤ አሁን ድምፃቸው የክርክር አልነበረም። «እሷ ግን አፍ አላት። ቢያማት ትነግረኝ ነበር። ስትስቅ ነው የምትውለው።» ከዚያ ጮክ ብለው ተጣሩ፤ «ሰጋቱራዬ! ነይ እስቲ።»

እየሮጠች መጣች። አያቷ ተንበርክከው ትከሻዋን ያዝ ሲያደርጉ ሽምቅቅ አለች። እጃቸውን ወዲያው አነሱ።

«ያቃጥልሻል እንዴ፣ የኔ እናት?»

ልጅቷ አክስቷን አየች፣ እኔን አየች። እውነት መናገር ያስቀጣት እንደሆነ የምታመዛዝን ትመስላለች።

«ማታ ማታ ነው የሚያቃጥለኝ» አለች በመጨረሻ። «ልብሱ ሲነካኝ። ግን ዝም አልኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ቀለሙ እንዳይሸሽ። አንተ ‹እየያዘ ነው› ስላልከኝ።» ቀጥላም፣ «አባቢ፣ ብዙ ይቀረኛል?» ብላ ጠየቀች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። ይቺ ልጅ ግን በሽታዋን የደበቀችው አያቷን ደስ ለማሰኘት ነው። እኔ ፊቴን ወደ ጠረጴዛው አዞርኩ፤ የማለቅስ መሆኔ እንዲታይ አልፈለግሁም። አናጢው ግን አልደበቁም። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

«ምንም አይቀርሽም» አሉ። «ጨርሰሻል፣ ሰጋቱራዬ። ከእንግዲህ ፀሐይ ላይ መቀመጥ የለም።»

«ግን እኮ ገና ነጭ ነኝ።»

«ነሽ። ነጭ ጣውላ ነሽ፤ እዚህ ሱቅ ከገባው ሁሉ የሚበልጥ። አጥፊው አያትሽ ነው፤ ሳልቀባሽ አቆምኩሽ።»

በርጩማውን ከበሩ አንስተው ወደ ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር ወሰዱት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፊታቸው ላይ አሁንም ግራ መጋባት አለ፤ ግን የሚከራከር ሰው ግራ መጋባት ሳይሆን የሚማር ሰው ነው።

«በይ ንገሪኝ። ስንት እጅ ይቀባል?»

ተማሪዋ እንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለች። «ሳሳ አድርጎ ሳይሆን ጠገብ አድርጎ። ከቤት ከመውጣቷ ቀደም ብሎ፤ ፊቷን፣ አንገቷን፣ የእጆቿን ጀርባ፣ ልብስ ያልሸፈነውን ሁሉ። ጆሮዋን እንዳይረሱ። ለከንፈሯም የራሱ አለው። ውጭ ከዋለች በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል፤ ላብና ውሃ ይወስደዋል።»

«እንደ ቫርኒሽ ነው በያ። አንዴ ቀብተሽ ለዘላለም አይደለም።»

«አዎ። እሱ ብቻም አይበቃም፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ጥላ ሲገኝ ጥላ። አሁን የተቃጠለውን ደግሞ ክሬሙ አያድነውም፤ ነገ ክሊኒክ ይዤያት እሄዳለሁ። እንዲህ ስለምትጨናበስ ዐይኗም ይታይላት። ከእንግዲህም አልድን ያለ ቁስል ካዩባት አንድ ቀን አይደር።»

«ደመና ሲሆንስ?» አልኩ እኔ። መጠየቅ እያማረኝ መጥቶ ነበር።

«ደመና ሙቀቱን ነው የሚያስታግሰው፣ መምህርት። ጨረሩ አብዛኛው ያልፋል። የመስኮት መስታወትም ሁሉንም አይመልስም። ለዚህ ነው በየቀኑ የምንለው።»

ይኼንንስ ማወቅ ነበረብኝ። ስለ ደመና ዓይነቶች ሙሉ ምዕራፍ አስተምራለሁ።

«ብርጭቆ ወረቀትስ?» አሉ አናጢው። «በእጅና በእጅ መሐል በብርጭቆ ወረቀት መታሸት አለበት?»

ተማሪዋ፣ ሰጋቱራና እኔ በሳቅ ፈነዳን። ሽማግሌው የሚቀልዱ ይሁኑ የምራቸውን ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ትምህርት ሲከፈት ሰጋቱራ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ገባች። እኔም የሰልፉን ቦታ ወደ በረንዳው ጥላ አዛወርኩት፤ ርእሰ መምህሩ «ምነው?» ሲሉኝ ያን ጠዋት የሰማሁትን ሁሉ አወራሁላቸው። የራሴንም ጉንጭ ቀን ቀን መቀባት ጀምሬያለሁ። ማድያቱ ወዲያው ባይጠፋም መስፋቱን አቁሟል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለጎጆ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለቆዳም ነው። ጠቆርክም ነጣህም ፀሐይ አይታ አትምርህም፤ ቶሎ የሚነደው ግን ቀለም ያልተሰጠው ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ካለ ምክንያቱን አስረድተህ ቱቦውን ስጥ።

አናጢው ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ይዘው ይመጣሉ። ቀጠሮ የማያውቁት ሰው ለዚህ አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ቆመው ባርኔጣዋን ያስተካክላሉ፤ ከዚያ በዚያ በሻከረ አውራ ጣታቸው የጆሮዋን ጫፍ፣ የከንፈሯን ዳር፣ የአንገቷን ኋላ ሳይቸኩሉ ይቀባሉ፤ ጎንበስ ብለው የቀረ ቦታ ይፈልጋሉ። ሲቀቧት ሳይ ጠረጴዛዬ ትዝ ይለኛል፤ መሳቢያው እስከ ዛሬ ያው ሽታ አለው።

በአንደኛው ጠዋት አንዲት የክፍሏ ልጅ ቆማ ስታያቸው ቆየችና፣ «ምንድን ነው የሚቀቡሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ቫርኒሽ ነው» አለች ሰጋቱራ።

«እንድትጠቁሪ?»

«አይ» አለች ቦርሳዋን እያነገተች። «እንዳልሰነጠቅ።»

ሁለቱም ልጆች ተያይዘው ወደ ጥላው ሮጡ። አያትየው ቱቦውን እንደያዙ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሰሙ፤ ክዳኑን ለመክደን ጊዜ ወሰደባቸው።